ከአቃቂ ራዲዮ ጣቢያ እስከ ዛሬው ማዳመጫ፤ ስለ ድምፅ ጥራትና ስለ ጆሮ ምቾት

ይህን ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣችን አንዲት ፊደል ናት። ባለፈው ዓመት ሦስት የታሪክ ተማሪዎች ሆነን በአቃቂ የሚኖሩ የቀድሞ ፋብሪካ ሠራተኞችን ትዝታ በድምፅ መቅረጫ እየቀዳን ወደ ጽሕፈት እንመልስ ነበር። ከአዛውንቶቹ አንዱ በወጣትነታቸው ስለሠሩበት ቦታ ሲያጫውቱን የተናገሩትን ቃል፣ ከመካከላችን አንዱ «አለቃው ሌሊት መጣ፤ ሰው ሁሉ ዝም አለ» ብሎ ሲጽፈው፣ ሁለተኛው «አለቃው ሌሊት መታ፤ ሰው ሁሉ ዝም አለ» ብሎ ጻፈው። በ«ጣ» እና በ«ታ» መካከል ያለው ልዩነት ለጆሮ እጅግ ቀጭን ነው፤ ለታሪክ ጸሐፊ ግን አንዱ ቁጥጥር፣ ሁለተኛው ዱላ ነው።

ቅጂውን ደጋግመን ብንሰማውም ሁለቱም በየአሳባቸው ጸኑ። ኋላ ነገሩ የተገለጠልን በአጋጣሚ ነው። የአንደኛው ማዳመጫ ሽቦ ተበጥሶ የጓደኛውን ተውሶ ቢሰማ፣ እስከዚያ ድረስ ሲሟገትለት የነበረውን ቃል መጠራጠር ጀመረ። እንግዲህ ጠቡ የጆሮ ሳይሆን በጆሮ ላይ የተደረገው ዕቃ ጠብ ኖሯል። ከዚያ በኋላ «የትኛው ማዳመጫ ይበልጣል?» ብለን መጠየቃችን የግድ ሆነ፤ ጥያቄውንም ከሥሩ ስንመረምረው ብዙ ሳንርቅ እዚያው አቃቂ ላይ አገኘነው።

ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የአቃቂን የራዲዮ ጣቢያ መርቀው የከፈቱት ጥር 23 ቀን 1927 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 1935) ነው። ጣቢያውን የሠራው አንሳልዶ የተባለው የጣልያን ኩባንያ ነበር። ከምረቃው በኋላ ስምንት ወር ያህል ብቻ ቆይቶ፣ መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. የጣልያን ጦር የመረብን ወንዝ ተሻገረ። ወረራው ሊጀመር ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት ንጉሠ ነገሥቱም፣ እቴጌ መነንም በራዲዮ ድምፃቸውን ወደ ውጭ አገር አሰምተዋል። ጣልያናዊ ኩባንያ ያቆመው ጣቢያ ጣልያንን ለመክሰሻ መዋሉ የታሪክ ቀልድ ሊባል ይችላል፤ በዚያን ጊዜ ግን ማንንም የሚያስቅ አልነበረም።

ስለዚህ ጣቢያ ሲወሳ ዘወትር የሚነገረው ስለ ተናጋሪው ነው። እኛ ግን ትኩረታችን ወደ ሰሚው ነው። የራዲዮ ቴሌግራፍ መልእክት የሚቀበል ሠራተኛ ማዳመጫውን በራሱ ላይ አጥልቆ፣ ከአየር ጩኸት መካከል የሞርስን አጭርና ረጅም ምልክት እየለየ በእጁ ይጽፋል። የቍጥር 5 ምልክት አምስት አጫጭር ድምፆች ናቸው፤ የመጨረሻውን አጭር ረጅም ነው ብሎ የሰማ ሰው 4 ብሎ ይጽፋል። ጦርነት በተቃረበበት ወራት፣ የየአገሩ ጋዜጠኞች አዲስ አበባን በሞሉበት ጊዜ፣ የአንዲት ቍጥር ስሕተት ምን ልታስከትል እንደምትችል መገመት አያዳግትም። ያ ሰው ያጋጠመው ችግር ከእኛ ከ«መጣ» እና «መታ» ችግር ጋር አንድ ነው።

የዚያ ዘመን የቴሌግራፍ ማዳመጫ አሠራሩ ቀላል ነበር። በማግኔት ላይ የተጠቀለለ እጅግ ቀጭን ሽቦና ከፊቱ የተቀመጠ ክብ ስስ ብረት ነው። በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ የማግኔቱን ኀይል ሲያበረታና ሲያደክም ስሱ ብረት ይርገበገባል፤ ያም ድምፅ ይሆናል። ይሁን እንጂ ብረቱ ሁሉንም ድምፅ በእኩልነት አይቀበልም፤ 1,000 ሄርዝ በሚሆነው አካባቢ ከሌላው ይልቅ አብልጦ ይንቀጠቀጣል። በእንዲህ ያለ ማዳመጫ ሙዚቃ የሰማ ሰው ዘፋኙ በጣሳ ውስጥ ሆኖ የሚያዜም ይመስለዋል። ነገር ግን የሞርስ ምልክት የሚሰማበት ፉጨት የሚገኘው በዚያው አካባቢ ስለሆነ፣ ለሙዚቃ ነውር የነበረው ለቴሌግራፍ ሠራተኛ በረከት ነበር፤ መሣሪያው የሚፈለገውን ድምፅ አጕልቶ የማይፈለገውን ጩኸት ያዳክምለታል። ስለዚህ አንድ ማዳመጫ «ጥሩ ድምፅ አለው» ሲባል፣ ለምን ሥራ ተብሎ እንደተሰማ አብሮ ካልተነገረ ፍርዱ ጐደሎ ነው የምንለው ከዚህ ተነሥተን ነው።

ስለ ምቾትም ቢሆን ክርክሩ ያረጀ ነው። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ኤርኔስት መርካዲዬ እ.ኤ.አ. በ1891 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ማዳመጫ በጆሮ ቀዳዳ የሚገባ ሲሆን ክብደቱ 50 ግራም ገደማ ነበር፤ ቆዳ እንዳይፋቅም ጫፉን በጎማ ሸፍኖታል። ናትናኤል ባልድዊን የተባለው የዩታ ሰው ደግሞ በማእድ ቤቱ ሆኖ የሠራውን ማዳመጫ እ.ኤ.አ. በ1910 ለአሜሪካ ባሕር ኀይል ላከ። ባሕር ኀይሉ መርምሮ ድምፁ ከነበሩት ሁሉ እንደሚበልጥ ተረዳና አዘዘው፤ ባልድዊን ግን በአንድ ጊዜ ከአሥር በላይ ለመሥራት ቦታም አቅምም አልነበረውም። ባሕር ኀይሉ ያነሣው ቅሬታ ስለ ድምፁ ሳይሆን ስለ ራስ ማሰሪያው ነበር፤ ሰውየውም በቆዳ የተሸፈኑና ወደ ላይና ወደ ታች የሚሳቡ ሁለት ዘንጎች ያሉት ማሰሪያ ሠራ። ዛሬ በየሱቁ የምናየው ቅስት የዚያ ዘር ነው። በመርከብ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጦ ምልክት የሚጠብቅ ሰው ማዳመጫው ካሳመመው ማውለቁ አይቀርም፤ ባወለቀባት ደቂቃ የመጣው መልእክት ደግሞ አልመጣም ማለት ነው። ምቾት ለቅንጦት የተጨመረ ነገር ሳይሆን የመስማት ሥራው ክፍል መሆኑን ያ ቅሬታ በግልጽ ያሳያል።

ከአቃቂ ወደ መሐል ከተማ ስንመለስ ሌላ ዐይነት ሰሚ እናገኛለን። እ.ኤ.አ. በ1961 በተከፈተው የአፍሪካ አዳራሽ፣ በግንቦት 1955 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሜይ 1963) የአፍሪካ አንድነት ድርጅትን ለመመሥረት የተሰበሰቡት የ32 አገሮች መሪዎችና ልዑካን አንዱ የሌላውን ቋንቋ የሚሰሙት በአስተርጓሚና በማዳመጫ ነበር። ይህ አሠራር በዓለም ዘንድ ስሙ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1945 በተጀመረው በኑረምበርግ የፍርድ ሸንጎ ሲሆን፣ በዚያ አይ ቢ ኤም የተባለው ኩባንያ ያቀረበው መሣሪያ በአራት ቋንቋ ያሰማ ነበር።

ለአስተርጓሚ የሚሆን ማዳመጫ ሙዚቃ ወዳድ ከሚመርጠው ይለያል። አስተርጓሚው በአንድ ጊዜ ይሰማልም ይናገራልም፤ ስለዚህ የራሱን ድምፅ ካልሰማ ሳያውቀው ይጮኻል። ብዙ አስተርጓሚዎች አንዱን ጆሯቸውን ገልጠው መሥራታቸው ስለዚህ ነው። ጆሮን ጥርቅም አድርጎ የሚዘጋ ውድ ማዳመጫ ለእነርሱ እንቅፋት ነው፤ የሚፈልጉት ቀላል፣ ጆሮ የማያፍን፣ ንግግርን አጥርቶ የሚያሰማ ነው። የትርጉም መሣሪያዎች ዓለም አቀፍ ደረጃም ከ125 እስከ 15,000 ሄርዝ ያለውን ድምፅ እንዲያስተላልፉ ይጠይቃል። ስልክ የሚያስተላልፈው ወደ 3,400 ሄርዝ ገደማ ሲደርስ የሚያበቃ ስለሆነ፣ ደረጃው የቱን ያህል ወደ ቀጭኑ ድምፅ እንደሚዘልቅ ልብ ይሏል።

ቀጭኑ ድምፅ ለምን እንደሚያስፈልግ በእኛው ቋንቋ ማስረዳት ይቻላል። «ታ» ስንል ምላሳችን ከተላቀቀ በኋላ ትንሽ ትንፋሽ ይከተላል። «ጣ» ስንል ግን ጕሮሯችን ተዘግቶ ስለሚቆይ ከፍንዳታው ቀጥሎ ያለው ትንፋሽ ሳይሆን ቅጽበታዊ ዝምታ ነው። ሁሉም ከሰከንድ አሥረኛ እጅ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። ትንፋሹ በአብዛኛው የሚገኘው በቀጭኑ ድምፅ ክፍል ነው፤ ማዳመጫው ይህን ክፍል ካደበዘዘው «ታ» ትንፋሿን ታጣለች። ዝምታው ደግሞ በማዳመጫው ጽዋ ውስጥ በሚዞር ገደል ማሚቶ ከተሞላ «ጣ» መለያዋን ታጣለች። ይህን ስንረዳ ነው የቤታችን ጠብ ከየት እንደመጣ የገባን።

በአሁኑ ጊዜ «ምርጥ» ተብለው በውድ ዋጋ የሚሸጡት ማዳመጫዎች የተወለዱት ከሙዚቃ ነው። የጀርመኑ ኦይገን ባየር እ.ኤ.አ. በ1937 ያወጣው ዲ ቲ 48 ስሱን ብረት ትቶ፣ በማግኔት መካከል የሚንቀሳቀስ ጥቅል ሽቦ ከስስ ሽፋን ጋር አያይዞ ተጠቀመ፤ ይህም የድምፁን ምጣኔ በብዙ አሻሻለው። አሜሪካዊው ጆን ኮስ እ.ኤ.አ. በ1958 በሁለት ጆሮ የተለያየ ድምፅ የሚያሰማውን የስቴሪዮ ማዳመጫ ለሕዝብ አቀረበ። የጃፓኑ ስታክስ በ1960 ሽቦውን ጭራሽ አስቀርቶ፣ እጅግ ስስ ሽፋን በኤሌክትሪክ ኀይል ብቻ የሚርገበገብበትን ኤስ አር 1 ሸጠ። ዜንሃይዘር በ1968 ያወጣው ኤች ዲ 414 ደግሞ ጀርባው ክፍት ሆኖ በስፖንጅ ትራስ ጆሮ ላይ ዐረፍ የሚል ነበር። የጀርባው መከፈት ሁለት ጥቅም አለው፤ ድምፅ በጽዋው ውስጥ ታፍኖ አይዞርም፣ ጆሮም አያልበውም። በእኛ ግምት በምቾትና በጥራት መካከል የቆየውን ፀብ ለመጀመሪያ ጊዜ ያስታረቀው ይህ አሳብ ነው። ጉድለቱ ግን የውጭው ጩኸት እንደ ልቡ መግባቱ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለው ታሪክ የዋጋ ታሪክ ይመስላል። ዜንሃይዘር በ1991 ኦርፌየስ የተባለውን በ300 ብቻ ወስኖ ሠራ፤ ተተኪው የድምፅ ማጉያው ከካራራ እብነ በረድ ተጠርቦለት መጣ። እብነ በረዱ ለድምፁ የሚጨምረውን ለአንባቢ ፍርድ እንተወዋለን። ይልቅስ ክብደትን ብናነጻጽር ይጠቅማል። ኤች ዲ 650 ወደ 260 ግራም፣ ኤች ዲ 800 ወደ 330 ግራም ይመዝናል፤ የፈረንሳዩ ፎካል ኡቶፒያ 490 ግራም ገደማ ነው። ጠፍጣፋ ሽፋን በማግኔት ረድፍ መካከል የሚንቀሳቀስባቸው ደግሞ ማግኔታቸው ብዙ ስለሆነ አብዛኞቹ ከባድ ናቸው። ግማሽ ኪሎ የሚሆን ዕቃ ለአንድ ዘፈን ያህል በአናት ላይ ቢቀመጥ አይታወቅም፤ ለግማሽ ቀን ሥራ ሲሆን ግን አንገት ይናገራል።

ዋጋና ጥራት አብረው ይሄዳሉ የሚለውንም እምነት ሳንመረምር አላለፍንም። እ.ኤ.አ. በ2017 ጄሩን ብሬባርት የተባለው ተመራማሪ የ283 ማዳመጫዎችን የድምፅ ምጣኔ ከመሸጫ ዋጋቸው ጋር አነጻጽሮ በሁለቱ መካከል ዝምድና አለማግኘቱን ጽፏል። የድምፅ ምጣኔ የጥራት ሁሉ መለኪያ አይደለም ቢባል እንኳ፣ ውጤቱ በተማሪ ኪስ ለሚገዛ ሰው የሚያጽናና ነው።

ይህን ሁሉ ካነበብን በኋላ በገዛ ጆሯችን ለመፍረድ ወሰንን። በአቃቂ፣ ወደ ቢሾፍቱ ከሚወስደው አስፋልት ብዙ በማይርቅ አንድ ክፍል ውስጥ ሦስት ማዳመጫዎችን ይዘን ተቀመጥን። የመጀመሪያው ዝግና ገመድ አልባ፣ የውጭ ጩኸትን በኤሌክትሪክ የሚያጠፋ ነው። ሁለተኛው ክፍትና ቀላል፣ ሦስተኛው ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ በብዙ ማስጠንቀቂያ ያዋሰን፣ ባለ ጠፍጣፋ ሽፋን ከባድና ውድ ነው። ያደረግነው ነገር ሳይንሳዊ ሙከራ ነው አንልም፤ ሦስት ሰዎች ያዩትን ብቻ እንጽፋለን። የሰማነው የአዛውንቱን ቅጂ፣ ቀጥሎም የበገና ድምፅ ነው። በገናን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ዐሥሩ አውታር እያንዳንዱ በእንዝራው ቍራጭ ቆዳ ላይ እየተነካ ሲንቀጠቀጥ ወፍራም ድምፁና ቀጭን ብዝታው በአንድ ላይ ይወጣሉ፤ አንዱን አጕልቶ ሌላውን የሚደብቅ ማዳመጫ ወዲያው ይጋለጣል።

ውዱ ማዳመጫ በመጀመሪያ አሳፈረን፤ በስልካችን ብንሰካው ድምፁ እንደ ሹክሹክታ ሆነ። እንዲህ ያሉት ብዙ ኀይል ስለሚፈልጉ የድምፅ ማጉያ ተውሰን ካመጣን በኋላ ግን በገናው ከፊታችን የተቀመጠ ያህል ሆነ፤ የጣት መነሣትና ማረፍ ሳይቀር ተሰማን። በዚህ የሚተካከለው አልነበረም። ይሁን እንጂ አንድ ሰዓት ሳይሞላ አናታችንን ተጫነን። ከመካከላችን ያለችው እኅታችን ፀጕሯ ሹሩባ ስለነበረ ቅስቱ በጕንጕኑ ላይ እያረፈ አስቸገራት። ፋብሪካዎቹ ስለ ሹሩባ አስበው የሚያውቁ አይመስለንም።

ዝጉ ማዳመጫ የጭነት መኪናውን ጕርምርምታ ሲያጠፋው በውነቱ ተደነቅን። አሳቡን አሜሪካዊው አማር ቦዝ እ.ኤ.አ. በ1978 በአውሮፕላን ሲጓዝ እንዳፈለቀው ይነገራል፤ ኩባንያውም በ1989 ለአብራሪዎች የሚሆነውን ለገበያ አቀረበ። መሣሪያው የውጭውን ድምፅ በማይክሮፎን ሰምቶ ተቃራኒውን ሞገድ ይፈጥርና ሁለቱ እርስ በርስ እንዲጠፋፉ ያደርጋል። ለወፍራምና ለማያቋርጥ ድምፅ ጥሩ ነው፤ ለሰው ንግግርና ለመኪና ጥሩንባ ያን ያህል አይረዳም። ባሕርዩ ግን ወፍራሙን ድምፅ ማጕላት ስለሆነ የበገናው ብዝታ ደበዘዘ፤ የአዛውንቱም «ጣ» እና «ታ» ተቀላቀሉ። ከሁለት ሰዓት በኋላም ጆሯችን በትራሱ ውስጥ አላበ። መብራት በጠፋ ማግስት ባትሪው ባዶ ሆኖ የተገኘውም ይኸው ነው።

ክፍቱ ማዳመጫ በጥራት ከውዱ ጥቂት ቢያንስ ሦስት ሰዓት ሙሉ ሳያውከን አገልግሏል፤ ፊደሎቹም ተለዩበት። ችግሩ ቀን ቀን መኪና ሲበዛ ድምፁን ከፍ ማድረጋችን ነበር። ይህ ደግሞ ቀላል ነገር አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ለዐዋቂ ሰው የሚመክረው በሳምንት 40 ሰዓት ለሚያዳምጥ ከ80 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ነው፤ ድምፁ በ3 ዴሲቤል በጨመረ ቍጥር የተፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። ከእኛ አንዱ በወፍራሙ ማዳመጫ ለሳምንታት ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲሠራ ቆይቶ ማታ ማታ ጆሮው መጮኽ ጀምሮ ነበር፤ ሥራውን ዐሥራ አምስት ቀን ለማቋረጥ ተገድዷል። «መታ» ብሎ የጻፈውም እርሱ ነው።

ስለዚህ ለጽሕፈት ሥራችን ክፍቱን መርጠን፣ መኪና ጋብ በሚልበት በማለዳና በምሽት ለመሥራት ተስማማን። ዝጉን ለአውቶቡስ ጕዞ፣ ውዱን ለባለቤቱ ለመመለስ ወሰንን። ሙዚቃ የሚያጠና ሰው ከእኛ የተለየ ቢፈርድ አንከራከረውም፤ እርሱ አንድ ሰዓት ያዳምጥና ይነሣል። በቀን አምስት ሰዓት የሰው ቃል የሚጽፍ ግን ከቴሌግራፍ ሠራተኛው ወገን ነው።

የፊደሏን ነገር ለመጨረስ ማዳመጫውንና ቅጂውን ይዘን ወደ አዛውንቱ ቤት ተመለስን። ባርኔጣቸውን አውልቀው ማዳመጫውን ካጠለቁ በኋላ ጥቂት ሰምተው ፊታቸውን ቋጠር አደረጉ።

«ይኼ ድምፅ የኔ አይደለም» አሉን።

«የእርስዎ ነው አባባ፤ ሰው የገዛ ድምፁን በቅጂ ሲሰማው እንግዳ ይሆንበታል» አልናቸው።

እንደገና እንድናሰማቸው አዘዙን፤ ሦስት ጊዜ ሰሙት። ከዚያ ማዳመጫውን አውልቀው በጕልበታቸው ላይ አኖሩና «መጣ ነው ያልኩት። መምታቱንማ ገና አልነገርኳችሁም» አሉ። መቅረጫውን ከፈትን።